ድምፁ የደከመ ክላክስና የኦም ሕግ

በክፍል ውስጥ የምንማረው ነገር አንድ ቀን ከደብተር ወጥቶ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ ተማሪ ብዙ አይደለም። እኔም የኦምን ሕግ ያጠናሁት ለፈተና ያህል ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ዓመት በአጎቴ ሞተር ብስክሌት ላይ የደረሰው ነገር አሳቤን ስለ ለወጠው፣ ያየሁትንና የለካሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በሚከተለው አኳኋን አቀርባለሁ።

የነገሩ አመጣጥ

አጎቴ በባሕር ዳር ከተማ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከዳቦ ቤት ዳቦ እየጫነ ለየሱቁ የሚያድል ሰው ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ክላክስ ድምፁ እንደ ጫጩት ስለ ነበረ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ በአየር የሚነፋ ትልቅ ክላክስ ገዛ። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ዕቃውን ከመሸጣቸው በፊት በሱቃቸው በር ላይ ከመኪና ባትሪ ጋር በወፍራም ሽቦ አገናኝተው አስጮኹት። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። አጎቴም ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ።

ነገር ግን ክላክሱ በዱሮው ክላክስ ሽቦ ላይ ተቀጥሎ በሞተር ብስክሌቱ ላይ በታሰረ ጊዜ ያ ድምፅ ጠፋ። እንደ ታመመ በሬ ያቃስት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ፊውዙ ተቃጠለ። አንድ የጋራዥ ረዳት «ይህማ ቀላል ነው» ብሎ የተቃጠለውን ፊውዝ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ መልሶ ሰካው። ክላክሱ እንደገና ማቃሰቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ በገበያው በር አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ አጎቴ ክላክሱን ተጫነ፤ ሾፌሩ ግን አልሰማም። አጎቴ ለመሸሽ መሪውን ሲያዞር ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ጕልበቱ ከመላጡና ዳቦው ጭቃ ውስጥ ከመበተኑ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። በዚያው ቍጣ ወደ ሱቁ ሄዶ በሰው ፊት «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ሲል ሽማግሌውን ዘለፋቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እዚሁ አብረን ሞክረነው የለም ወይ?» ከማለት በስተቀር ሌላ ቃል አልመለሱም።

ማታ አጎቴ ይህን ሲያወራ እኔ በልቤ የያዝሁት የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። ክላክሱ በሱቁ በር ላይ ጮኾ በሞተር ብስክሌቱ ላይ የሚደክም ከሆነ፣ በሁለቱ ቦታ መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? ክላክሱ ያው አንድ ነው። የተለወጠው ባትሪውና ሽቦው ነው።

ክላክስ እንዴት ይጮኻል?

ክላክስ የምንለው ቃል የመጣው ክላክሰን ከሚባል የንግድ ስም ነው። በአሜሪካ አገር ሚለር ሪስ ሃቺሰን የተባለ ፈልሳፊ የኤሌክትሪክ ጡሩምባ ሠርቶ ነበርና፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት በኒዋርክ ከተማ የነበረ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ በዚህ ስም ለገበያ አወጣው። ስሙም መጮኽ የሚል ትርጕም ካለው ከጥንት የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው።

ተራው የሞተር ብስክሌት ክላክስ በውስጡ አንድ የኤሌክትሪክ ማግኔትና አንድ ስስ የብረት ገበታ አለው። ማግኔቱ ገበታውን ይስባል፤ ገበታው ሲሳብ ኮረንቲው ይቋረጣል፤ ሲቋረጥ ገበታው ይመለሳል፤ ሲመለስ ኮረንቲው እንደገና ይገናኛል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች ለሚቈጠር ጊዜ ስለሚደጋገም ድምፅ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚፈልገው ኮረንቲ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 አምፔር ቢያገኝ ይበቃዋል።

በአየር የሚነፋው ክላክስ ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያለ ትንሽ ሞተር ኮምፕሬሰሩን ያሽከረክራል፤ ኮምፕሬሰሩ አየር አምቆ ይገፋል፤ የተገፋው አየር ስሱን ገበታ ያርገበግበዋል፤ ጡሩምባው ደግሞ ድምፁን አጕልቶ ያወጣዋል። እንግዲህ ድምፁ የሚበረታው ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲዞር ነው። አጎቴ በገዛው ክላክስ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት፣ 18 አምፔር ነበር። ይህም ተራው ክላክስ ከሚፈልገው ብዙ እጅ የሚበልጥ ነው።

የኦም ሕግ ምን ይላል?

ጀርመናዊው ጌዎርግ ዚሞን ኦም በ1827 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ሕግ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በአንድ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ በሽቦው የሚያልፈው ኮረንቲ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ቍጥር ነው። ሬዚስታንስ ማለት ሽቦው ኮረንቲ በውስጡ እንዳያልፍ የሚያሳየው እንቢታ ነው። ሽቦ በቀጠነና በረዘመ መጠን እንቢታው ይበዛል።

ይህን በቤታችን ውኃ እንመልከተው። በጣራ ላይ ካለው የውኃ ሮቶ የሚወርደው ቧንቧ ቀጭን ቢሆን፣ ከታች ያለው መክፈቻ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱ ሙሉ ነው። ጣት ለሚያርስ ያህል በጥቂቱ ቢከፈትም ጕድለቱ አይታወቅም። ባልዲ ለመሙላት በሰፊው ሲከፈት ግን ውኃው ይልፈሰፈሳል። ጥፋቱ የባልዲው አይደለም፤ የሮቶውም አይደለም፤ የመንገዱ ነው።

እንደዚሁም የ0.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.034 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። ከባትሪው ተነሥቶ በመነሻ ቁልፉና በመሪው ላይ ባለው የክላክስ ቁልፍ አልፎ እስከ ክላክሱ የሚደርሰው መንገድ 3 ሜትር ቢሆን ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ገደማ ይሆናል። በዚህ ውስጥ 3 አምፔር ቢያልፍ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነው፤ ተራው ክላክስ ይህን ከቍም ነገር አይቈጥረውም። 14 አምፔር ቢያልፍ ግን 1.4 ቮልት ይጠፋል። በየመገናኛው ያለው ዝገትና ያረጀው ቁልፍ የሚወስዱት ሲጨመርበት ጕድለቱ ይብሳል።

ፍተሻው

በማግስቱ የፊዚክስ መምህራችንን አስፈቅጄ የትምህርት ቤቱን ቮልት መለኪያ ተዋስሁና በቅዳሜ ቀን ከአጎቴ ጋር ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ያን በሽቦ የተጠቀለለ ፊውዝ አውጥተን ደኅና ፊውዝ ሰካን። ከዚያም የሞተሩን ዕንቅስቃሴ አጥፍተን መነሻ ቁልፉን ብቻ ከፍተን በሚከተለው ቅደም ተከተል ለካን።

1ኛ፤ ምንም ሳይጮኽ ባትሪውን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ለካን፤ 12.7 ቮልት። ይህ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚያሳየው ነው።

2ኛ፤ ክላክሱን ከሽቦው ነቅለን፣ ቁልፉን ተጭነን በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ለካን፤ 12.6 ቮልት። አጎቴ ይህን ባየ ጊዜ «አላልሁህም? ሽቦው ደኅና ነው፤ ክላክሱ ነው የተበላሸ» አለኝ። እኔም ለጥቂት ጊዜ ተጠራጠርሁ። ነገር ግን ይህ ልኬት አታላይ ነው። ክላክሱ ሲነቀል በሽቦው ውስጥ የሚፈስ ኮረንቲ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚፈስ ነገር ከሌለ ደግሞ የሚጠፋ ቮልቴጅ የለም። የተዘጋ ቧንቧ ግፊቱ ሙሉ እንደ ሆነ ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ እየሠራ ሳለ እንለካው» አልሁት።

3ኛ፤ ክላክሱን መልሰን ሰክተን፣ እየጮኸ ሳለ በራሱ በክላክሱ ሁለት ጫፎች ላይ ለካን፤ 8.9 ቮልት! አጎቴ ዝም አለ።

4ኛ፤ እየጮኸ ሳለ ባትሪውን እንደገና ለካን፤ 12.1 ቮልት። እንግዲህ ባትሪው ጥቂት ቢወርድም አልወደቀም። በመንገድ የጠፋው 12.1 ሲቀነስ 8.9 ነው፤ ይኸውም 3.2 ቮልት ነው።

5ኛ፤ ጕድለቱ በየትኛው መንገድ እንደ ሆነ ለማወቅ አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በክላክሱ ፖዘቲቭ ላይ አድርገን አስጮኽነው፤ 2.3 ቮልት አሳየ። ቀጥሎ ከክላክሱ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ለካን፤ 0.9 ቮልት። ሁለቱ ሲደመሩ 3.2 ስለሚሆኑ ሒሳቡ ልክ ወጣ።

በማሳው በኩል የጠፋውን 0.9 ቮልት ምክንያት ወዲያው አገኘነው። የማሳው ሽቦ በቡሎን የታሰረው በቀለም በተቀባና በዛገ ብረት ላይ ነበር። በፖዘቲቩ በኩል ያለው ግን የዱሮው ቀጭን ሽቦና ያረጀው ቁልፍ ናቸው፤ እነርሱ የተሠሩት ለትንሹ ክላክስ እንጂ ለዚህ አልነበረም።

ኀይል ቮልቴጁ በኮረንቲው ሲባዛ የሚገኝ ነው። በ8.9 ቮልት 14 አምፔር ያህል ሲያልፍ 125 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ክላክሱ የሚፈልገው ግን 12 ጊዜ 18፣ ማለትም 216 ዋት ነበር። እንግዲህ አጎቴ የከፈለበትን ኀይል ከግማሽ ጥቂት አልፎ ብቻ ያገኝ ኖሯል። በመንገድ የሚጠፋው ደግሞ ሽቦውን ያሞቅ ነበር።

ሽቦውን ማሞቁም ተረት አይደለም። ኮርቻውን አንሥተን ስናይ ከፊውዙ አጠገብ ያለው የሽቦ ልባስ ለስልሶና ጠቍሮ ነበር። ይህም ከቤንዚን ታንኩ ጥቂት ስንዝር ብቻ የራቀ ቦታ ነው። ፊውዝ ማለት ከሽቦው አስቀድሞ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድን ዘበኛ ነው። ዘበኛውን በመዳብ ጠቅልሎ ማሰር ሌባው በር ላይ ሳለ ውሻውን እንደ ማፈን ይቈጠራል።

መፍትሔው

መፍትሔው ሪሌ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። ሪሌ በጥቂት ኮረንቲ ታዝዞ ብዙ ኮረንቲ የሚያሳልፍ በር ነው። በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ የሚፈልገው ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ የዱሮው ቀጭን ሽቦና ቁልፍ ያለ ችግር ያዝዙታል። ትልቁ ኮረንቲ ግን በአዲስ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ይሄዳል። በመኪና ሪሌ እግሮች ላይ ቍጥር ተጽፎባቸዋል፤ ሥራቸውም እንደሚከተለው ነው።

85 እና 86፤ ሁለቱ የዱሮ የክላክስ ሽቦዎች የሚሰኩባቸው ናቸው። በአንዳንድ ሞተር ብስክሌት ቁልፉ በፖዘቲቩ በኩል፣ በአንዳንዱ ደግሞ በማሳው በኩል ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች በነዚህ እግሮች ላይ ከተሰኩ በሁለቱም ዐይነት ይሠራል።

30፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ አልፎ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ይገባበታል።

87፤ ወደ ክላክሱ ፖዘቲቭ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ይወጣበታል።

የክላክሱ ኔጋቲቭ ደግሞ በሌላ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። እኛ የተጠቀምነው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ በአንድ ሜትር 0.007 ኦም ያህል ብቻ ነው። ፊውዙም ከክላክሱ ጋር በመጣው ወረቀት እንደ ታዘዘው ባለ 20 አምፔር ሆኖ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ገባ። አጠገቡ እንዲሆን ያስፈለገበትም ምክንያት ሽቦው በመንገድ ተፈግፍጎ ብረት ቢነካ ፊውዙ ወዲያው እንዲቈርጠው ነው።

ሥራውን ስንጀምር በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን፤ ስንጨርስም በመጨረሻ ያሰርነው እርሱን ነው። ሽቦው መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር እንዳይቈነጠጥ፣ የጋለውንም የጭስ ማውጫ እንዳይነካ ተጠንቅቀን አሳለፍነው።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ አጎቴ ቁልፉን ተጫነ። የጎረቤት ዶሮዎች በሙሉ ከአጥር ዘለሉ! እየጮኸ ሳለ ስንለካ ባትሪው 11.9፣ ክላክሱ ደግሞ 11.5 ቮልት አሳየ። በመንገድ ይጠፋ የነበረው 3.2 ቮልት ወደ 0.4 ወረደ።

ኤሌክትሪኩ ደኅና ሆኖ ድምፁ ቢደክምስ?

በክላክሱ ጫፍ ላይ እየጮኸ ሳለ ከ11 ቮልት በላይ ተገኝቶ ድምፁ ግን ደካማ ከሆነ ጥፋቱ ከአየሩ በኩል ሊሆን ስለሚችል የሚከተሉትን መመልከት ይገባል።

ሀ) ኮምፕሬሰሩና ጡሩምባው በጎማ ቱቦ የሚገናኙ ከሆነ ቱቦው እንዳልታጠፈ፣ እንዳልተሰነጠቀ፣ ጫፉም እንዳልላላ ይታይ። በሳሙና ውኃ ቢቀባና ሲጮኽ አረፋ ቢወጣ አየር ይሾልካል ማለት ነው። ቱቦው ባጠረ መጠን ይሻላል።

ለ) ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት ቀዳዳ በአቧራና በጭቃ እንዳልተደፈነ ይታይ። ከፊተኛው ጎማ ኋላ የታሰረ ክላክስ በክረምት ጭቃ ይሞላል።

ሐ) የጡሩምባው አፍ ወደ ሰማይ የሚያይ ከሆነ ዝናብ ይጠራቀምበታል። አፉ ጥቂት ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ኮምፕሬሰሩም በወረቀቱ ላይ በታዘዘው አቋም ይታሰር።

መ) የጡሩምባው አፍ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ሽፋን ጋር ተጠግቶ ከታሰረ ድምፁ ይታፈናል። ወደ ክፍት ቦታ ይዙር።

እየጮኸ ሳለ ባትሪው ራሱ ብዙ የሚወርድ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን መሙላት ወይም ያረጀ እንደ ሆነ መለወጥ ነው። ባለ 6 ቮልት የሆነ አሮጌ ሞተር ብስክሌትም ይህን ክላክስ ሊያስጮኽ አይችልም።

ማስጠንቀቂያ

በፍተሻ ጊዜ ጆሮን ከጡሩምባው አፍ ፊት ማድረግ አይገባም። በባዶ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳልና፣ ከሩቅ ለሚሰማ መኪና የታሰበ ድምፅ ከአጠገብ ላለ ጆሮ ጉዳት ነው። እኛም ጥጥ በጆሯችን አድርገን ሕፃናቱን አርቀን ነበር የሠራነው። ደግሞም ትንሹ የሞተር ብስክሌት ባትሪ ይህን ኮረንቲ ለረዥም ጊዜ ሊችል አይችልም፤ ኮምፕሬሰሩም ይግላል። ስለዚህ አጭር ጩኸት ይበቃል። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በከብት አጠገብ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማስጮኽ ነውር ነው። ክላክስ የተሠራው አደጋን ለማራቅ እንጂ ሰውን ለማስደንገጥ አይደለም።

መደምደሚያ

ሥራው ካለቀ በኋላ አጎቴ እጁን ታጥቦ ልብሱን ለወጠና «ተነሥ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። የሄድነው ወደዚያው ሱቅ ነበር። ሽማግሌው ሲያዩን ፊታቸው ጠቈረ። አጎቴ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ በማለት «አባባ፣ ዕቃዎ ደኅና ነው፤ የተበላሸው የኔ ሽቦ ነበር። በሰው ፊት አስቀይሜዎታለሁና በሰው ፊት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። እሳቸውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው እንድንቀመጥ አደረጉና ሻይ አስመጡልን። ቀጥሎም ስለ ሪሌው ጠየቁኝና የእግሮቹን ቍጥር በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህን የመሰለ ክላክስ ለሚገዛ ሁሉ ያን ወረቀት እንደሚያሳዩ ሰምቻለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፤ ነገር የሚመረመረው በሥራ ላይ ሳለ ነው። ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ሽቦም የሚፈተነው ሸክም ሲጫንበት ነው፤ ሥራ ፈቶ ሳለ ደኅና የሚመስል ብዙ አለ። ሁለተኛው፤ ከመለካት በፊት መፍረድ አይገባም። አጎቴ ሳይለካ በመፍረዱ አንድን ሽማግሌ አሳዘነ፤ ረዳቱም ሳይለካ በመጠገኑ ሞተር ብስክሌቱን ለእሳት አቅርቦት ነበር። አንድ ቮልት መለኪያና አንድ መስመር የኦም ሕግ ግን ሁለቱንም አቀኑ።

አሁን አጎቴ በማለዳ ዳቦ ጭኖ በገበያው በር ሲያልፍ ድምፁን ከቤታችን ሆነን እንሰማለን። እናቴም «ደርሷል» ትልና ሻይ ትጥዳለች።